ሲሻገር ምልክቱ ለምን ይቀየራል?

አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል፦

«ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። በአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ከምትወዳቸው ትምህርቶች አንዱ ነበር። አልጀብራ ከተጀመረ ወዲህ ግን ውጤቷ በየፈተናው እየወረደ መጥቶ፣ አሁን ደብተሩን ስትከፍት ፊቷ ይለወጣል። ሰነፍ አይደለችም። ቀመሮቹን ሁሉ በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ እኔው ራሴ ጠይቄያት አንድም አልሳተችም። ጥያቄው ትንሽ ሲቀየርባት ግን ይጠፋባታል። ጂኦሜትሪውም እንዲሁ ነው። እኔ ሒሳብ ከተውኩ ከ20 ዓመት በላይ ስለሆነኝ ላግዛት ብዬ ስቀመጥ ሁለታችንም ተኮራርፈን እንነሣለን። አሁን አሁን ‹ጭንቅላቴ ለሒሳብ አልተፈጠረም› ማለት ጀምራለች። በእርግጥ ተሰጥኦው የላት ይሆን? ወይስ አስጠኚ ልቅጠርላት? የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ሦስት የፈተና ወረቀቶቿን አያይዤ ልኬአለሁ።»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን አንድ ጊዜ፣ የልጅዎን የፈተና ወረቀቶች ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ብዙ ወላጆች ውጤቱን ብቻ ጽፈው ስለሚልኩ ችግሩ ከየት እንደተነሣ መገመት እንጂ ማየት አይቻልም፤ እርስዎ ወረቀቶቹን ስለላኩልኝ ግን ልጅዎ ስትሠራ አጠገቧ የተቀመጥኩ ያህል ተሰማኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የተሰጥኦውን ጥያቄ ልመልስልዎ። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ የአእምሮ ድካም አይታይም። የሚታየው የተነገራትን ደንብ አምና የምትከተል፣ ደንቡ ከየት እንደመጣ ግን ማንም ያላሳያት ልጅ ናት። የሳተቻቸው ጥያቄዎች ላይ ላዩን ሲታዩ አሥራ አንድ የተለያዩ ስሕተቶች ይመስላሉ፤ ሥራቸውን ተከትዬ ስወርድ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ከአንድ ግንድ የወጡ ሆነው አገኘኋቸው።

ከመጀመሪያው ወረቀት ሁለተኛ ጥያቄ ልነሣ። በደብተሯ «ኤክስ» ተብሎ የሚጻፈውን ያልታወቀ ቁጥር እኔ እዚህ «ሀ» እያልኩ እጽፋለሁ። ጥያቄው 3ሀ + 5 = 20 ከሆነ ሀ ስንት ነው የሚል ነው። ልጅዎ የሠራችው እንዲህ ነው፦

3ሀ = 20 − 5
3ሀ = 15
ሀ = 15 − 3
ሀ = 12

መምህሯ የመጨረሻውን መስመር በቀይ ሰርዘው አልፈዋል። እስከ ሁለተኛው መስመር ድረስ ግን ምንም እንከን የለበትም። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ምን አሰበች? ከላይ 5 ቁጥር የእኩል ምልክቱን አልፎ ሲሄድ −5 ሆኗል፤ «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ተብላለች። እንግዲያውስ 3ም ሲሻገር −3 መሆን አለበት። ደንቡን አልጣሰችም፤ በተነገራት ቃል መሠረት ከሄድን እንዲያውም አክብራዋለች።

ነገር ግን ቁጥር አይሻገርም። 3ሀ + 5 እና 20 የአንድ ቁጥር ሁለት ስሞች ናቸው፤ የእኩል ምልክቱ የሚናገረው ይህንኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንዱ ወገን ያደረግነውን በሌላውም ወገን ካላደረግን ሁለቱ ስሞች የአንድ ቁጥር መሆናቸው ይቀራል። ከግራው 5 ከቀነስን ከቀኙም 5 እንቀንሳለን፦ 3ሀ + 5 − 5 = 20 − 5። በግራ በኩል +5 እና −5 ተጣፍተው 3ሀ ለብቻው ይቀራል። «ተሻገረ» የምንለው ነገር በሙሉ ይኸው ነው፤ መካከለኛውን መስመር እኛ ስለዘለልነው ቁጥሩ የዘለለ መሰለን። አሁን 3ሀ = 15 ላይ ስንደርስ 3 ከሀ ጋር የተያያዘው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው፤ በማባዛት የታሰረ የሚፈታው በማካፈል ስለሆነ ሁለቱንም ወገን ለ3 እናካፍላለን፤ ሀ = 5 ይሆናል።

ከስሕተቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። 12ን በሀ ቦታ ብታስገባው 3 × 12 + 5 = 41 ይመጣ ነበር፤ 41 ደግሞ 20 አለመሆኑን ለማወቅ መምህርም መልስ መስጫም አያስፈልግም። ልጅዎ ግን መልሷን በገዛ እጇ መፈተሽ እንደምትችል የምታውቅ አይመስልም። በሦስቱም ወረቀቶች ላይ አንድም ቦታ ቁጥር መልሳ አላስገባችም። አልጀብራ ለተማሪ የሚሰጠው ትልቁ ነፃነት ይህ ሆኖ ሳለ፣ እርሷ ግን ቀይ እስክሪብቶውን እየጠበቀች ትኖራለች።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርዎ፤ እኔም መምህር ሳለሁ ለብዙ ዓመታት «ሲሻገር ይቀየራል» እያልኩ አስተምሬአለሁ። ቃሉ አጭር ነው፣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል፣ ተማሪውም የዚያን ቀን ጥያቄ ይመልስልሃል። በቀጣዩ ዓመት ያው ተማሪ 3ን ሲያሻግር ሳይ ነው የዘራሁትን ያጨድኩት። ስለዚህ የልጅዎን መምህር ለመውቀስ አልጽፍም። ይህ አባባል ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከቤታችሁ እንዲወጣ አጥብቄ እለምናለሁ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱን መስመር ስትጽፍ በዳር በኩል «ከሁለቱም ወገን 5 ቀነስኩ»፣ «ሁለቱንም ወገን ለ3 አካፈልኩ» እያለች በቃላት ትጻፍ። ያዘገያታል። መዘግየቱ አያስጨንቅዎ፤ ምክንያቱን ካወቀች በኋላ መካከለኛውን መስመር ብትዘለው ምንም ጉዳት የለውም።

ወደ ሁለተኛው ወረቀት ስሻገር ይኸው የእኩል ምልክት በሌላ መልክ ገጠመኝ። በጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ 20 − 5 = 15 ÷ 3 = 5 ብላ ጽፋለች። መልሱ ትክክል ስለሆነ ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች። እስቲ እንደ ዓረፍተ ነገር ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ 20 ሲቀነስ 5 እኩል ይሆናል 15 ሲካፈል ለ3 ይላል፤ ይህም 15 እና 5 እኩል ናቸው ማለት ነው። ልጅዎ እንዲህ ብላ አታምንም። ለእርሷ የእኩል ምልክት «ቀጥሎ መልሱ ይመጣል» ማለት ሆኖባታል፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ 7 + 5 = ተብሎ ባዶ ቦታ ሲሰጣት ኖሯልና፣ ካልኩሌተሩም ያንኑ ቁልፍ ስትጫነው መልስ ሲያወጣላት ኖሯልና አይፈረድባትም። በአንደኛ ደረጃ ይህ ትርጉም አያስቸግርም። 5ሀ − 4 = 2ሀ + 11 የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን የትኛው ጥያቄ፣ የትኛው መልስ እንደሆነ ይጠፋል። (እዚህ ከሁለቱም ወገን 2ሀ ቀንሰን፣ ለሁለቱም 4 ጨምረን 3ሀ = 15 እናገኛለን፤ ሀ አሁንም 5 ነው።)

ይህን ምልክት የፈጠረው የዌልስ ተወላጅ የሆነው ሮበርት ሬኮርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1557 ባሳተመው መጽሐፍ «እኩል ነው» የሚለውን ቃል ደጋግሞ መጻፍ ስለሰለቸው ርዝመታቸው አንድ የሆነ ሁለት ትይዩ መስመሮችን መረጠ፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ ከእነዚህ ይበልጥ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊኖሩ አይችሉም አለ። ልጅዎ ይህን ታሪክ እንድትሰማው እወዳለሁ፤ ሁለቱ መስመሮች እኩል መሆናቸውን ባየች ቁጥር ምልክቱ ስለ ሁለት ወገኖች እንደሚናገር ታስታውሳለችና። በአማርኛ የሒሳብ መጻሕፍት «የእኩልነት ዓረፍተ ነገር» የሚለው ስያሜም ለእኔ እጅግ ያማረ ነው፤ ዓረፍተ ነገር ከሆነ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል፣ 15 = 5 ደግሞ ሐሰት ነው።

አሁን ከሁሉ የሚበልጥ ጊዜ ልሰጠው ወደምፈልገው ስሕተት ልምጣ፤ በሁለት ወረቀቶች ላይ አራት ጊዜ ተደጋግሟል። (ሀ + 3)² የሚለውን ዘርዝሪ ስትባል ሀ² + 9 ብላ መልሳለች። ደብዳቤዎ ቀመሮቹን በቃሏ እንደምታውቅ ይናገራል፤ አምናለሁ፤ የዚህን ቀመር ስም ብትጠይቋት «የሁለት ቁጥሮች ድምር ዳግም ርቢ» ብላ ከነሙሉ ዝርዝሩ ትወጣዋለች። በፈተና ሰዓት ግን ቀመሩ ከሦስት ሌሎች ቀመሮች ጋር ይምታታል፤ ሲምታታም የትኛው ትክክል እንደሆነ የምትለይበት ሌላ መንገድ የላትም። መንገዱ ያለው ጂኦሜትሪው ውስጥ ነው።

ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የካሬ ወረቀት ቆርጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። በላይኛው ጎን ከግራ 7 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጋ ቀጥ ያለ መስመር እስከ ታች ታስምር፤ በግራው ጎንም ከላይ 7 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጋ አግድም ታስምር። ከዚያ በመቀስ ትቁረጠው። አራት ቁራጭ ይወጣል፦ 7 በ7 የሆነ ትልቅ ካሬ፣ 3 በ3 የሆነ ትንሽ ካሬ፣ ሁለት ደግሞ 7 በ3 የሆኑ ሬክታንግሎች። ስፋታቸው 49፣ 9፣ 21 እና 21 ነው፤ ሲደመር 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ልክ የሙሉው ወረቀት ስፋት። አሁን በእርሷ ደንብ እንሂድ፤ 7 እና 3 ለየብቻ ዳግም ርቢ ሆነው ሲደመሩ 49 + 9 = 58 ብቻ ነው። «የቀረው 42 ካሬ ሳንቲ ሜትር ወረቀት የት ሄደ?» ብለው ይጠይቋትና ዝም ይበሉ። ሁለቱን ሬክታንግሎች በእጇ አንሥታ እስክታሳይዎ ድረስ ይጠብቁ። ከዚያ በ7 ቦታ ሀን ብታስገባ (ሀ + 3)² ማለት ሀ² + 3ሀ + 3ሀ + 9፣ ማለትም ሀ² + 6ሀ + 9 መሆኑን ማንም ሳይነግራት ትጽፈዋለች። 6ሀ የሚለው ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁለት ቁራጭ ወረቀቶች ናቸው።

አልጀብራ ራሱ የተወለደው እንዲህ ባለ ሥዕል አጠገብ መሆኑን ብዙ ተማሪ አይነገረውም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባግዳድ ይኖር የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኽዋሪዝሚ ስለ እኩልነት አፈታት መጽሐፍ ጻፈ፤ «አልጀብራ» የምንለው ቃል የመጣው ከዚያ መጽሐፍ ርእስ ውስጥ ከሚገኘው «አል ጀብር» ከሚል የዐረብኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም መመለስ፣ መጠገን ማለት ሲሆን ለአጥንት ጥገናም ያገለግላል። ከአንድ ወገን የጎደለውን በሁለቱም ወገን ጨምሮ መመለስ፤ ልጅዎ «መሻገር» የምትለው ነገር ትክክለኛ ስሙ ይህ ነው። አል ኽዋሪዝሚ ከሠራቸው ጥያቄዎች አንዱ ዛሬ እንደምንጽፈው ሀ² + 10ሀ = 39 ነው። እርሱ ፊደልም ምልክትም አልነበረውም፤ ሁሉንም በቃላት ጻፈ፣ ምክንያቱንም በሥዕል አሳየ።

ሥዕሉ ይህ ነው። ጎኑ ሀ የሆነ ካሬ እንሥራ፤ ስፋቱ ሀ² ነው። 10ሀ የሚለውን ለሁለት ከፍለን እያንዳንዳቸው 5 በሀ የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎች እናድርገውና አንዱን በካሬው ቀኝ፣ ሌላውን ከሥሩ እንለጥፍ። የተገኘው ቅርጽ አንድ ማዕዘኑ የጎደለ ትልቅ ካሬ ነው፤ ስፋቱ እንደተነገረን 39 ነው። የጎደለችው ማዕዘን 5 በ5 ስለሆነች ስፋቷ 25 ነው። ብንሞላት 39 + 25 = 64 ይሆናል፤ ስፋቱ 64 የሆነ ካሬ ጎኑ 8 ነው። ጎኑ ግን ሀ + 5 ነበር፤ ስለዚህ ሀ = 3። መልሰን እንፈትሸው፦ 9 + 30 = 39። ዛሬ ተማሪዎች የሚሸመድዱት ረጅም ቀመር ከዚህ ሥዕል የወጣ ነው። እርሱ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን እንደ መልስ ስላልቆጠረ በ3 ቆሟል፤ እኛ ግን 64 በ−8ም ዳግም ርቢ እንደሚገኝ ስለምናውቅ −13ንም እንጨምራለን። 169 − 130 = 39 ይሆናልና ይህም ይሠራል።

ከዜሮ በታች ካሉ ቁጥሮች ጋር በተያያዘ ልጅዎ −2(ሀ − 4)ን ስትዘረዝር −2ሀ − 8 ብላለች። ሀ 4 ቢሆን ቅንፉ ውስጥ ዜሮ ስለሚመጣ ብዜቱ ዜሮ ይሆን ነበር፤ የእርሷ ግን −16 ይሰጣል። 3 × −2 = −6፣ 2 × −2 = −4፣ 1 × −2 = −2፣ 0 × −2 = 0 ብላ በተርታ ትጻፍና ቀጣዩን −1 × −2 ራሷ ትሙላው፤ በየደረጃው 2 እየጨመረ ስለመጣ +2 ከማለት በቀር መንገድ የለም። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 የእነዚህን ቁጥሮች ደንብ ሲጽፍ ሀብትና ዕዳ እያለ ነበር የሚጠራቸው፤ አንዳንድ ተማሪ በዚያ መንገድ ሲነገረው ቶሎ ይገባዋል።

በሌላ ጥያቄ ደግሞ (ሀ + 6) ÷ 6 የሚለውን ሁለቱን 6 ሰርዛ «ሀ» ብላ ቀለል አድርጋዋለች። እዚህም ቁጥር ይፍረድ፤ ሀ 6 ቢሆን 12 ÷ 6 = 2 ነው፣ የእርሷ መልስ ግን 6 ነው። ላዕሉ ድምር ሆኖ ሳለ አንዱን ተደማሪ ብቻ ለይቶ ማጣፋት አይቻልም፤ የሚጣፋው የሁለቱም አባዢ የሆነ ነገር ብቻ ነው። ይህ ስሕተት ከአልጀብራ የመጣ አይመስለኝም። ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል የክፍልፋይ ትምህርት ተሸክማው የመጣችው ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ ወር ውስጥ የመጀመሪያውን ሳምንት ለክፍልፋይ ብቻ ብትሰጡት አትጸጸቱም። ብዙ ወላጅ ይህን ወደ ኋላ መመለስ አድርጎ ስለሚቆጥረው ይዘለዋል፤ በእኔ ልምድ ግን ከዘጠነኛ ክፍል የአልጀብራ ውድቀት ብዙው የክፍልፋይ ውድቀት ነው።

ወደ ሦስተኛው ወረቀት፣ ወደ ጂኦሜትሪው ልለፍ። ሁለት እኩል ጎኖች ያሉት ሦስት ማዕዘን ተሥሏል፤ በአናቱ ላይ ያለው ማዕዘን 40 ዲግሪ ነው፤ ከመሠረቱ ማዕዘኖች አንዱ ስንት ነው ይላል። ልጅዎ 68 ዲግሪ ጽፋ በቅንፍ «በፕሮትራክተር ለክቼ» ብላለች። ዜሮ ተሰጥቷታል። መልሷ ከትክክለኛው የራቀው በ2 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ዜሮው ግፍ ሳይመስላት አይቀርም፤ ይህን ስሜቷን አይናቁባት፤ ማስረዳት ግን ያስፈልጋል። በጂኦሜትሪ ሥዕል ለማሰብ ይረዳል እንጂ ምስክር አይሆንም። የአታሚው መስመር ውፍረት አለው፣ ወረቀቱ ይሳሳባል፣ እጅም ይንቀጠቀጣል። ጥያቄው ስለዚያ አንድ ሥዕል ሳይሆን ሁለት እኩል ጎኖችና የ40 ዲግሪ አናት ስላላቸው ሦስት ማዕዘኖች ሁሉ ነው፤ ሁሉንም ደግሞ ማንም ለክቶ አይጨርሳቸውም።

ታዲያ ሳይለኩ እንዴት ይታወቃል? ከአናቱ ወደ መሠረቱ መካከል መስመር ብናወርድ ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይወጣሉ። እኩል ከተባሉት ጎኖች አንድ አንድ አላቸው፤ የመሠረቱ ግማሽ አንድ አንድ አላቸው፤ ያወረድነው መስመር ደግሞ የጋራቸው ነው። ሦስቱም ጎኖቻቸው እኩል ስለሆኑ አንዱ በሌላው ላይ ቢታጠፍ ልክ ይገጥማል፤ ስለዚህ የመሠረቱ ሁለት ማዕዘኖች እኩል ናቸው። የሦስቱ ድምር 180 ስለሆነ ለሁለቱ የሚቀረው 140 ነው፤ እያንዳንዳቸው 70።

የሦስቱ ድምር ለምን 180 ሆነ? ልጅዎ ይህንንም በቃሏ ታውቀዋለች እንጂ ምክንያቱን አታውቅም ብዬ እገምታለሁ። ከወረቀት ሦስት ማዕዘን ቆርጣ ሦስቱን ጫፎች ቀድዳ ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ ይህ ዓይንን ያሳምናል፣ ግን አሁንም ያው ልኬት ነው። ምክንያቱ የሚገኘው በአናቱ ላይ ከመሠረቱ ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ስናሰምር ነው። በአናቱ ግራና ቀኝ የሚፈጠሩት ሁለት ማዕዘኖች ከመሠረቱ ሁለት ማዕዘኖች ጋር ተለዋዋጭ ውስጣዊ ማዕዘኖች (በሁለት ትይዩ መስመሮች መካከል፣ በሚያቋርጣቸው መስመር ግራና ቀኝ የሚገኙ) ስለሆኑ እኩላቸው ናቸው፤ በመካከላቸው የአናቱ ማዕዘን አለ፤ ሦስቱ አብረው ቀጥ ያለውን መስመር ይሞሉታል፣ ቀጥ ያለ መስመር ደግሞ 180 ዲግሪ ነው። ግሪካዊው ኤውክሊድ ከ2300 ዓመት ገደማ በፊት በእስክንድርያ ሆኖ ጂኦሜትሪን በቅደም ተከተል ሲጽፍ ይህን ያስረዳው በትይዩ መስመሮች ባሕርይ ነው። ለልጅዎ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይጨምሩላት፤ በኳስ ላይ፣ ወይም በምድር ሉል ላይ፣ ከሰሜን ዋልታ ተነሥቶ ወደ ምድር ወገብ ወርዶ፣ የወገቡን ሩብ ተጉዞ ወደ ዋልታው የሚመለስ መንገድ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ ሦስቱም ማዕዘኖቹ 90 ናቸው፣ ድምራቸውም 270። በሉል ላይ እንዲህ ያለ ትይዩ መስመር ስለሌለ ምክንያቱ ይፈርሳል፤ ምክንያቱ ሲፈርስ 180ም አብሮ ይሄዳል። ደንብን ከነምክንያቱ መያዝ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ለማወቅ የሚጠቅመው እንዲህ ነው።

በዚሁ ወረቀት ባዶ የተወችው ጥያቄ የሦስት ማዕዘኑን ማዕዘኖች 2ሀ፣ ሀ + 30 እና ሀ + 10 ብሎ ትልቁን ማዕዘን ይጠይቃል። አልጀብራና ጂኦሜትሪ በአንድ ላይ ሲመጡባት እስክሪብቶዋን ያስቀመጠች ይመስላል። ዓረፍተ ነገሩ ግን አንድ ነው፦ 4ሀ + 40 = 180፤ ሀ = 35። እዚህ ላይ ደርሶ 35 ብሎ የሚያቆም ተማሪ ብዙ ነው፤ የተጠየቀው ማዕዘኑ ነውና ማዕዘኖቹ 70፣ 65 እና 45 ናቸው፣ ትልቁ 70። ድምራቸው 180 መሆኑን ራሷ ትይ።

ስለ ቃላት ጥያቄዎች አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። «7 ከአንድ ቁጥር እጥፍ ሲቀነስ 19 ይሆናል» የሚለውን 7 − 2ሀ = 19 ብላ ጽፋለች፤ 7 በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቀድሞ ስለመጣ። በአማርኛ «ከ» የሚለው መነሻ የተጣበቀበት ነው የሚቀነስበት፣ የትም ቦታ ይምጣ። ስለዚህ 2ሀ − 7 = 19፣ ሀ = 13። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ወደ ምልክት ከመለወጧ በፊት «ከ» የሚለውን ትክበበው።

አሁን ስለ እርስዎ ልናገር። ሒሳቡን መርሳትዎ ጉድለት መስሎ ታይቶዎታል፤ ለዚህ ሥራ ግን እንዲያውም ይጠቅማል። የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ሲቀመጥ መልሱን ለመንገር ይቸኩላል፤ መኮራረፉም የሚጀምረው ከዚያ ነው። እርስዎ በሳምንት አራት ቀን፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቋት፦ «ከዚህ መስመር ወደዚህኛው እንዴት መጣሽ?» እና «ትክክል መሆኑን መምህሩ ሳያርሙልሽ በምን ታውቂያለሽ?» መልሱ «እንዲህ ተብሎ ነው የተማርነው» ከሆነ ወደ ወረቀቱና ወደ መቀሱ ወይም ቁጥር ወደ ማስገባት ይመለሱ። በአንድ ቀን ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ሠላሳ ጥያቄ በተሳሳተ ደንብ መሥራት ስሕተቱን ያጸናዋል እንጂ አይነቅለውም። «ጭንቅላቴ ለሒሳብ አልተፈጠረም» ስትልም አይከራከሯት፤ የሠራችውን አንድ መስመር አንሥተው «ይህኛው ትክክል ነው፣ ለምን ትክክል እንደሆነ ንገሪኝ» ይበሏት። ከምስጋና ይልቅ በገዛ አንደበቷ የሰጠችው ምክንያት ይበልጥ ያጽናናታል።

አስጠኚ መቅጠርን አልቃወምም፤ ነገር ግን ከመቅጠርዎ በፊት ግማሽ ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጠው ይመልከቱ። አስጠኚው እስክሪብቶውን ራሱ ይዞ የቤት ሥራዋን የሚሠራላት ከሆነ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። እስክሪብቶው በእርሷ እጅ ሆኖ እርሱ የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ከሆነ ግን ይቅጠሩት። መምህሯንም አንድ ቀን ያነጋግሯቸው፤ የተሳሳተ መልስን ከመሰረዝ ይልቅ የተሳሳተው መስመር የትኛው እንደሆነ ቢያመለክቱላት ትልቅ እገዛ ነው፤ አብዛኞቹ መምህራን በትሕትና ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

ለልጅዎ አንድ ጥያቄ ልኬአለሁ፦ ሀ² + 6ሀ = 40። በቀመር እንዳትጀምረው አደራ። ጎኑ ሀ የሆነ ካሬ ትሣል፣ 6ሀን ለሁለት ትክፈልና ትለጥፍ፣ የጎደለችውን ማዕዘን ፈልጋ ትሙላ። የሚቀጥለውን ደብዳቤ ሲጽፉልኝ ከመልሱ ይልቅ ሥዕሉን ይላኩልኝ፤ ማዕዘኗን በምን ያህል እንደሞላችው ማየት እፈልጋለሁ።